ስም ይወጣል ከቤት

ሰፈር ውስጥ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም አንዴ ከወጣላችሁ አለቀላችሁ። ምኑን ነው የሚያውቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቴሌቪዥን ድምፅ ሲያጣ ትጠራላችሁ፤ የመብራት ካርድ አልሞላ ሲል ትጠራላችሁ፤ ከዱባይ የመጣ ስልክ በዐረብኛ ካልሆነ አላናግርም ሲል፣ ዐረብኛ የምታውቁ ይመስል፣ ትጠራላችሁ። እኔ ደግሞ አልችልም ማለት አልችልም። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ኪሴ ከትቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ምጣዱ እስካሁን እንጀራ ይጋግራል፤ ብሎኖቹ የየት እንደነበሩ ግን እኔም ምጣዱም አናውቅም።

እንግዲህ እድራችን አምኖ ሥራ የሰጠው ይህን ሰው ነው።

ድሮ ለቅሶ ሲኖር ለፋፊያችን ናቸው ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባቸውን እየነፉ በየቅያሱ የሚዞሩት። እያደር ሰው ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሰፈሩ ተበተነ፣ ጡሩምባ የማይሰማበት ቦታ የሚኖር አባል በዛ። ያኔ ነው እኔ ዘው ያልኩት። አንድ አባል ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን አሮጌ ላፕቶፕ ለእድሩ ሰጡ፤ አልነሳ ብሎ ስለነበር ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ሲም ካርድ የሚገባበት ዶንግል ሰካሁ፤ ጋሙ የሚባል የአጭር መልእክት መላኪያ ፕሮግራም አስገባሁ፤ በላዩ ላይ አንድ የሼል ስክሪፕት ጻፍኩ። የአባላቱ ስልክ ቁጥር በአንድ ፋይል ተደርድሯል፤ ስክሪፕቱ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ለእያንዳንዱ ይልካል። እገሌ አርፈዋል፣ ቀብሩ እዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በዚህ ሰዓት። ለሁሉም ነው የሚልከው፤ ሞት ለአንድ ሰው ተለይቶ አይነገርማ! ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ለፋፊያችን በነገሩ ደስ አላላቸውም። «ጡሩምባ እኮ ለማን እንደሚነፋ ያውቃል» አሉኝ አንድ ቀን። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

እና አንድ ቅዳሜ የእድሩ ጸሐፊ፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ ገብረ የሦስት ወር መዋጮ አለባቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰው ሳይሰማ በዘዴ ይነገራቸው» አሉኝ። የጋሼን ሙሉ ስም አልጽፍላችሁም፤ ገብረ እገሌ እንበላቸው። ገብረ የሚለው እውነት ነው፣ እገሌ የሚለው የእኔ ይሉኝታ ነው። ቤታቸው ከእኛ ግቢ ጥቂት አጥር አልፎ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ወጣ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብሎ፣ ስለ ወገባቸው ጠይቆ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አብሮ አማሮ፣ ሲወጣ በር ላይ «ለመሆኑ የእድሩን ነገር…» ቢል ያልቅ ነበር። ያለ ቡናም አይመለስ። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ «እትዬ፣ ለዚህማ ስክሪፕቱ አለ አይደል!» አልኩ።

የእትዬ ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ወገብዎን እንዴት አደረገዎት። ቆንጆ ነው። ችግሩ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይቆራረጥና የሁለት የሦስት መልእክት ሒሳብ ይቆረጣል። የእድር ብር ላባክን? እኔ? ወገባቸውን አወጣሁ። ሰላምታውን አወጣሁ። «እባክዎ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኳትና በመጨረሻ አወጣኋት። የቀረው ይህ ነው፦ «ውድ አቶ ገብረ እገሌ፦ የ3 ወር መዋጮ አልከፈሉም። እስከ እሁድ ካልከፈሉ ይሰረዛሉ።»

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። ለሁሉም የሚልክ ነገር ለአንድ ሰው እንዲልክ አማራጭ ያስፈልገዋል። ሼል ውስጥ አማራጭ ማለት ከትእዛዙ ኋላ በሰረዝ የምትመጣ አንዲት የላቲን ፊደል ናት። እኔ አራት አበጀሁ፦ ሰረዝ ደብልዩ ለወሩ ብዛት፣ ሰረዝ ኤን ለስም፣ ሰረዝ ቢ «ለዚህ ስልክ ብቻ»፣ ሰረዝ ቲ ደግሞ «ሙከራ ነው፣ ስክሪን ላይ አሳየኝ እንጂ አትላክ»። አያችሁ ጥንቃቄዬን? የሚፈታቸው ጌትኦፕትስ የሚባለው የሼሉ የራሱ ትእዛዝ ነው። ፊደሎቹን በአንድ መስመር ትሰጡታላችሁ፤ ከኋላዋ ተከታይ ቃል የምትፈልግ ፊደል ካለች ሁለት ነጥብ ታደርጉባታላችሁ፤ እሱ እያነበበ ተከታዩን ቃል ኦፕታርግ ውስጥ፣ የደረሰበትን ቁጥር ኦፕቲንድ ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ንጹሕ ሥራ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ፤ ምንም ቢያደርገኝ እወደዋለሁ።

ያን ምሽት ጋሼ በር ላይ ቆሜ ቡና እየጠበቅሁ መሆን ሲገባኝ የሰረዝን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። ነገሩ የሚጀምረው ቤል ላብስ ነው አሉ። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ ፊታቸው የነበረው ስክሪን አይደለም፣ ወረቀት ላይ እየቀጠቀጠ የሚጽፍ ቴሌታይፕ ነው፤ ሞዴል 33 የሚባለው በሰከንድ 10 ሆሄ ብቻ ነበር የሚያወጣው። በዚህ ፍጥነት ረጅም ቃል የሚጽፍ ማን ነው? ስለዚህ ትእዛዙ ሁለት ፊደል፣ አማራጩ አንድ ፊደል ሆነና ቀረ። አማራጩን የሚፈታውም በየፕሮግራሙ ለየብቻ ነበር፤ ዛሬም ታር ሰረዝ ባይጽፉለት አይቀየምም፣ ዲዲ ደግሞ በእኩል ምልክት ካላናገሩት አይሰማም። ጌትኦፕት የሚባለውን የጋራ መፍቻ ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ዳላስ በተካሄደው የዩኒፎረም ጉባኤ ላይ ማንም እንዲወስደው ለሕዝብ ለቀቀው። የእኛው ባለ «ኤስ» ጌትኦፕትስ ሼሉ ውስጥ የተቀመጠው ታናሹ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ሳበቃ ከእኔ በላይ ሰረዝ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እውነትም አልነበረም።

እና ጻፍኩ። የስክሪፕቱን ስም፣ ሰረዝ ደብልዩ 3፣ ሰረዝ ኤን ገብረ እገሌ፣ ሰረዝ ቢ የጋሼ ስልክ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰረዝ ቲ። ኢንተር።

ስክሪኑ «ተልኳል» አለ። ሙከራ ሲሆን «ተልኳል» እንዲል አድርጌው ነበር እንዴ ብዬ ራሴን እያከክሁ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁ። «ውድ አቶ ገብረ፦ የ3 ወር መዋጮ አልከፈሉም።» ወዳጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ፊደሉ አልተበላሸም፣ ነጥቡ በቦታው ነው፣ ከ70 ሆሄም አላለፈም። ቀጥሎ የተሰማኝ ለሰውየው ማዘን ነው፤ ምስኪን፣ ሦስት ወር! አልኩ። ይህ መልእክት እኔ ስልክ ላይ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የመጣው እናቴ ከጓዳ «ልጄ፣ እኛ ቤት ገብረ የሚባል ሰው አለ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

ዶንግሉን ነቅዬ ወረወርኩት። በሥርዓት ማቆሚያ እንዳለው አውቃለሁ፤ ኮንትሮልና ሲ ነው፤ ግን ያን ሰዓት ጣቶቼ የሚያውቁት መንቀል ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ምን እንደሆነ እዚህ ጋ ላስረዳችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ። ሼል ቃልን ከቃል የሚለየው በስፔስ ነው። እኔ «ገብረ እገሌ» ስል አንድ ሰው ነው ያልኩት፤ እሱ የሰማው ሁለት ቃል ነው። ሰረዝ ኤን ተከታይ አንድ ቃል ይገባታል፤ ገብረን ወሰደች። እገሌ ሜዳ ላይ ቀረ። ጌትኦፕትስ ደግሞ እንደ ታክሲ ረዳት ነው፤ ከፊት ወንበር ጀምሮ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ግን ሰረዝ ያልያዘ አንድ ተሳፋሪ ካጋጠመው «ከዚህ ወዲያ ያሉት የእኔ አይደሉም» ብሎ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ከእገሌ ኋላ የነበሩት እነማን ናቸው? ሰረዝ ቢ፣ «ለዚህ ስልክ ብቻ» የምትለዋ። ሰረዝ ቲ፣ «አትላክ» የምትለዋ። ሁለቱም ሳይጠየቁ ቀሩ። «ብቻ» ካልተባለ ስክሪፕቱ ምን ያደርጋል? ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡት፤ ለሁሉም ይልካል። ቁጣ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ሲጠረጥር እንኳ አይጠይቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርም እዚያው ውስጥ ይግባልኝ።

ስሙን በጥቅስ ምልክት አጥሬው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ለምን አላጠርሁም? ስሞክረው የነበረው በእናቴ ስም ነዋ! የእናቴ ስም አጭር ነው፣ ስፔስም የለውም። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን ነገር አንድ ጊዜ ጠቅሶ ያልፋል፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ እያለ የሚጠራራ እድር የሚያስተዳድር ሰው ግን ከበሩ ላይ ሰቅሎት መዋል አለበት።

የዚያን ቀን ማታ ስልኬ አላረፈም። አንዷ ጎረቤት «እኔ መቼ ነው አቶ የሆንኩት?» አሉ። አንዱ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ከዚያ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ጨመረ። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ደግሞ ደውለው፣ ድምፃቸው አይረሳኝም፣ «ገብረን እናንተው ናችሁ የቀበራችሁት፤ ሰባቱንም አርባውንም መጥታችሁ በልታችኋል፤ አሁን ደግሞ መዋጮ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? «ይቅርታ እናቴ፣ የእርስዎ ገብረ አይደሉም» አልኩ። «ታዲያ የማን ናቸው?» ሲሉኝ ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብዬ።

ጉዱ የመጣው እሁድ ስብሰባ ላይ ነው። ሰፈራችን በገብረ የሚጀምር ስም ሞልቶታል፤ ገብረ ሕይወት አለ፣ ገብረ መስቀል አለ፣ ገብረ ኪዳን አለ፤ አንዱ ዕዳ ሁሉም ላይ ወድቆ ነው ያደረው። ገብረዎች በሙሉ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ደረሰኝ ይዘዋል፣ ሁሉም ኮት ለብሰዋል። እውነተኛው ባለዕዳ ጋሼ ገብረ እገሌም ከመካከላቸው አሉ፤ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ደረሰኝ የጨበጡ ይመስላሉ። እኔ ወደዚያ ማየት ፈራሁ።

ሊቀመንበሩ ተነሱ። «የትኛው ገብረ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ስሙን ቆርጦት ነው» አልኩ።

«ኮምፒውተር ስም ይቆርጣል?»

«ስፔስ ስላለበት ነው፤ ባዶ ቦታ።»

«የክርስትና ስም እኮ ነው! ምኑ ነው ባዶው?»

ሳቅ። ስለ ሰረዝ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሰረዝ ቢ ስል ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ሰረዝ ኤ የት ሄደች?» አለ፤ ሌላ ሳቅ። ቤል ላብስ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ዳላስ ሳልደርስ አስቀመጡኝ። እውነተኛውን ገብረ ልናገር አልችልም፤ ያው በዘዴ ይነገራቸው ተብሎ ነበር። እና «ሙከራ ነበር፣ ማንም ዕዳ የለበትም» ብዬ ዋሸሁ። እትዬ ጸሐፊዋ መዝገባቸው ላይ አቀረቀሩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለካ ፊት ለፊት ሲባል እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ከገብረዎቹ አንዱ ናቸው ያሉት።

ቅጣቱን ያመጡት ለፋፊያችን ናቸው። «መልእክቱ የወጣው በመላው ሰፈር ነው፤ ማስተባበያውም በመላው ሰፈር ይውጣ» አሉ። ጸደቀ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ፋኖስ ይዤ፣ በየቅያሱ ዞርን። ፋኖሱ አያስፈልግም ነበር፤ የመንገድ መብራት አለ። ያዙልኝ ስላሉኝ ነው የያዝኩት። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፤ ለፋፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የሞተ የለም! ቅዳሜ የተላከው መልእክት ውሸት ነው! የላከው ይህ ነው!» ይላሉ፤ እኔ ፋኖሱን ፊቴ ላይ ከፍ አደርጋለሁ። ከፍ አድርግ ብለውኛል። ከጥቂት ቅያስ በኋላ ስለ ወደዱት ነው መሰለኝ ይጨምሩበት ጀመር፤ «ስም የሚቆርጠው ልጅ ይህ ነው!» አሉ፣ ቀጥሎ «ልጆቻችሁን ክርስትና ስታስነሱ አጭር ስም አውጡ!» አሉ። አንዷ እናት በር ላይ ቆመው ዳቦ ሰጡኝ፤ የተቀጣ ልጅ ያሳዝናቸዋል። በላሁት።

ጋሼ ገብረ እገሌ በራቸው ላይ ጠበቁን። ለፋፊው ወደ ቀጣዩ ቅያስ ሲታጠፉ እጄን ያዙኝና የተጠቀለለ ብር አስጨበጡኝ። የሦስት ወሩ ከነመቀጮው ነው።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «እገሌን የት ጣልከው?»

«ተርፎ ነበር፣ ጋሼ።»

«በል እዚያው ይቅር። እገሌ ቢጨመርበት ኖሮ እኔ ነበርኩ ዛሬ ፋኖስ የምይዘው።»

ቤቴ ገብቼ ራሴን ማጽናኛ ፈለግሁ፤ አገኘሁም። ባምብልቢ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 በመጫኛ ስክሪፕቱ ውስጥ አንዲት ስፔስ ሾልካ ገብታ፣ ዩኤስአር ከሚባለው ማኅደር ሥር አንድ ትንሽ ነገር አጥፋ የተባለው ትእዛዝ ዩኤስአርን በሞላው አጥፍቷል፤ የሰዎች ኮምፒውተር ግማሽ አካሉ አብሮ ሄደ ማለት ነው። እኔ አንድ ስም ብቻ ነው የቆረጥኩት። ይህን ለእህቴ ልጅ ብነግራት፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የምትማረው፣ ሳትስቅ ስክሪፕቱን አነበበችና «ጋሼ፣ አማራጮቹ ካለቁ በኋላ ምን ቃል ተረፈ ብለህ ለምን አትቆጥርም?» አለችኝ። ምጣዱ ትዝ አለኝ፤ አልነገርኳትም።

ከእሷ ጋር አድሰን ጻፍነው። ጌትኦፕትስ ሲጨርስ የተነበቡት ይገፋሉ፤ ከዚያ አንድም ቃል ከተረፈ ስክሪፕቱ «ይህን አላወቅሁትም» ብሎ ይቆማል። ስሙ ስክሪፕቱ ውስጥ በተጠራበት ቦታ ሁሉ በጥቅስ ታጠረ፤ ለካ ከደጅ ብቻ ማጠር አይበቃም፣ ውስጥም ከላላ እንደገና ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ ግን «ለሁሉም» ማለት ከዝምታ ተነጥቆ የራሱ አማራጭ ተሰጠው፤ ማንም ሳይናገር ለመላው ሰፈር የሚሄድ ነገር መኖር አልነበረበትም፤ የለቅሶው ጊዜ ይህን ሳላስብ መቅረቴ አሁንም ይገርመኛል። ከዚያ እኔ አማራጮቹን በአማርኛ ካላደረግን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ጌትኦፕትስ የአንዲት ላቲን ፊደል ሰው ነው፤ የእኛ አንዲት ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ትይዛለች፣ አያስተናግዳትም። ስለዚህ እሱን አሰናብተን ቃሎቹን ራሳችን አንድ በአንድ እያነሣን በኬስ የምናመሳክርበት ዙር ሠራን፤ ጂኤንዩዎች ባስለመዱት በሁለት ሰረዝ፦ --ስም፣ --ወር፣ --ብቻ፣ --ሙከራ፣ --ለሁሉም። አማረ። እትዬም ያለ እኔ ሊጠቀሙበት ይችላሉ ተባለ።

ትእዛዙን ከስልኬ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁላቸው፤ እድሩ ላፕቶፕ ላይ ገልብጠው ለጠፉት። ወዲያው ደወሉ።

«አላወቅሁትም ይለኛል።»

«ምኑን?»

«ስምን። ወርንም። ምንም አላወቅሁም ነው የሚለው።»

ሄጄ አየሁ። ስልኬ ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ሰረዞች ሲያይ ጨዋነት መስሎት አንድ ረጅም ሰረዝ አድርጎ ያስውባቸዋል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለሼሉ ግን የቁልፍ ሰሌዳዋ አጭሯ ሰረዝና በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 2014 የሚል ቁጥር የተሰጣት ረጅሟ አይተዋወቁም። እና ስክሪፕቱ አላወቀም፤ ስላላወቀም ቆመ፤ ስለቆመም ለአንድም ሰው አልላከም። ለአንድም! ላፕቶፑን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። «እትዬ፣ ይዩልኝ፣ እምቢ አለ እኮ! ተምሯል!» እያልኩ እዘላለሁ።

እትዬ እኔን አዩ፣ ላፕቶፑን አዩ፣ ነጠላቸውን አነሱ። «የሚነገሩት እኮ እዚህ ጥግ ያሉት ናቸው» አሉና ወጡ፤ እኔ ሰረዞቹን በእጄ መልሼ እየጻፍኩ ቀረሁ።